ከአናሎግ ወደ ዲጂታል፦ የማሠራጫው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

መግቢያ

ስለ ዲጂታል ሥርጭት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ጥራት ነው። ምስሉ ይጠራል፣ ድምፁ ይስተካከላል፣ ቻናሉ ይበዛል ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም እኛ የምንማረው ጋዜጠኝነት ስለሆነ ከዚህ አለፍ ብለን መጠየቅ ያለብን ነገር አለ። ዜናው ከስቱዲዮ ወጥቶ ተመልካቹ ቤት እስኪደርስ ድረስ በማን እጅ ያልፋል?

በአናሎግ ዘመን የዚህ ጥያቄ መልስ ቀላል ነበር። ጣቢያው ሞገድ ይፈቀድለታል፣ ማማ ያቆማል፣ ትራንስሚተር ይገዛል፣ ያሠራጫል። አለቀ። በዲጂታል ቴሌቪዥን ግን በጣቢያውና በተመልካቹ መካከል አንድ ሦስተኛ ወገን ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሦስተኛ ወገን ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣና ለጋዜጠኛው ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ነው። በመጀመሪያ ቴክኖሎጂውን በአጭሩ እናያለን። ቀጥለን የጎረቤታችንን የኬንያን ታሪክ በሰፊው እንመለከታለን። ከዚያም ራዲዮ ለምን ሌላ መንገድ እንደያዘ በኖርዌይ ምሳሌነት አይተን በመጨረሻ ወደ አገራችን እንመለሳለን።

አናሎግና ዲጂታል ሲባል ምን ማለት ነው?

በአናሎግ ሥርጭት ድምፁና ምስሉ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጥና የሞገዱ ቅርፅ ራሱ መልእክቱን ተሸክሞ ይጓዛል። ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል ሞገዱም አብሮ ይለዋወጣል። ስለዚህ በመንገድ ላይ የሚያጋጥመው ተራራ፣ ሕንፃ፣ የጎረቤት ሞተር ሳይቀር ሞገዱን ባወከው ቁጥር ምስሉም አብሮ ይታወካል። በድሮው ቴሌቪዥን ላይ በረዶ የሚመስለው ነገር የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ሲያዞር ሌላው ከታች ሆኖ «መጣ! አይ፣ ሄደ! ትንሽ መልሰው!» እያለ ሲጮህ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

በዲጂታል ሥርጭት ግን ድምፁና ምስሉ ከመላኩ በፊት በቁጥር ይጻፋል፤ በ0 እና በ1 ማለት ነው። ተቀባዩ መሣሪያ ሞገዱ መንገድ ላይ ቢጎሳቆልም እንኳ የትኛው 0 የትኛው 1 እንደሆነ ለይቶ እስካወቀ ድረስ ምስሉን ልክ ከስቱዲዮ እንደወጣ አድርጎ መልሶ ይሠራዋል። በረዶ የለም፣ ጥላ የለም።

ታዲያ ይህ ነገር የራሱ ጉዳትም አለው። ሲግናሉ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ምስሉ ካሬ ካሬ እየሆነ ይቆራረጥና ድርግም ይላል። በአናሎግ በረዶ እየጣለም ቢሆን ዜናውን መስማት ይቻል ነበር። በዲጂታል ወይ ሙሉውን ታያለህ ወይ ምንም አታይም። ማማው አጠገብ ላለ ከተሜ ይህ ችግር አይደለም። ከማማው ርቆ ሸለቆ ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን በደካማ ምስልና በባዶ ስክሪን መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

ዲጂታል ሁለተኛ ጥቅም አለው። ቁጥር ሊጨመቅ ይችላል። ቴሌቪዥን በሴኮንድ 25 ምስል ያሳያል እንበል። ዜና አንባቢዋ ስታነብ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው ከንፈሯና ዓይኗ ነው። አናሎግ ግን ያንኑ ግድግዳ በሴኮንድ 25 ጊዜ እየደጋገመ ይልካል። ዲጂታል ግድግዳውን አንዴ ልኮ ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ይልካል። በዚህ የተነሳ ቦታ ይተርፋል። በእኛ አካባቢ አንድ የዩ ኤች ኤፍ ቻናል 8 ሜጋ ኸርዝ ስፋት አለው። በአናሎግ በዚህ ስፋት የሚተላለፈው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ዲ ቪ ቢ ቲ 2 በሚባለው የዲጂታል ደረጃ ግን በዚያው ስፋት ከ10 በላይ መደበኛ ጥራት ያላቸው ፕሮግራሞችን መላክ ይቻላል።

አንድ አውቶቡስ፣ ብዙ ተሳፋሪ

ሦስተኛው ወገን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አሥር ጣቢያዎች በአንድ ቻናል አብረው የሚሄዱ ከሆነ አንድ ሰው አሥሩን ሰብስቦ፣ ጨምቆ፣ አንድ ላይ አሥሮ መላክ አለበት። የታሠረው ጥቅል መልቲፕሌክስ ይባላል። ይህን ሥራ የሚሠራው ደግሞ የሲግናል አሠራጭ ድርጅት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ በአናሎግ ዘመን እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ መኪና ነበረው። መኪናው ያረጀም ቢሆን የራሱ ነው፤ በፈለገበት ሰዓት አስነስቶ ይሄዳል። በዲጂታል ግን ሁሉም በአንድ አውቶቡስ ይሳፈራል። ለአገር ኢኮኖሚ ስንመለከተው ይህ ጥሩ ነው። አሥር ማማ ከማቆም አንድ ማማ ማቆም ይረክሳል። አዲስ ጣቢያ ለመክፈት የሚፈልግ ሰውም በየተራራው ትራንስሚተር መትከል አይጠበቅበትም፤ የአውቶቡሱን ታሪፍ ከፍሎ መሳፈር ነው። ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አውቶቡሱ የማን ነው? ታሪፉን ማን ይወስናል? ሹፌሩ «አንተን አልጭንም» ቢል ለማን ይከሰሳል? የአውቶቡሱ ባለቤት ራሱ ተሳፋሪ ቢኖረውና የፊት ወንበሩን ለእርሱ ቢሰጥስ?

እነዚህ ጥያቄዎች የቴክኒክ ጥያቄ ይመስላሉ። ሲመረመሩ ግን የፕሬስ ነፃነት ጥያቄዎች ናቸው።

ለምን ተቸኮለ?

የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ጄኔቫ ላይ ባካሄደው ጉባኤ የአውሮፓ፣ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች እንዲሁም ኢራን ስለ ዲጂታል ሥርጭት ሞገድ አደላደል ተስማሙ። በስምምነቱ መሠረት የሽግግሩ ጊዜ የሚያበቃው እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2015 (ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም.) ሆነ። ለአንዳንድ አገሮች በቪ ኤች ኤፍ ሞገድ ላይ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ተጨማሪ ጊዜ ተሰጠ።

ብዙ ሰው ይህን ቀን «አናሎግ የሚጠፋበት ቀን» አድርጎ ይረዳዋል። ትክክለኛው ትርጉም ትንሽ ይለያል። ጄኔቫ ላይ ተቀምጦ የማንንም ቴሌቪዥን የሚያጠፋ አካል የለም። ስምምነቱ የሚለው ከዚያ ቀን በኋላ የአናሎግ ሥርጭት ዓለም አቀፍ ጥበቃ አያገኝም ነው። ይኸውም የጎረቤት አገር ዲጂታል ማሠራጫ የአንተን የአናሎግ ሥርጭት ቢያውክ አቤት የምትልበት ሕግ አይኖርም።

ከቀነ ገደቡ ጀርባ ሌላ ትልቅ ምክንያት አለ፤ ገንዘብ። አሥር ጣቢያ በአንድ ቻናል ከገባ የተቀሩት ቻናሎች ነፃ ይሆናሉ። ይህ ነፃ የሚሆን ሞገድ ረጅም ርቀት ስለሚሄድና ግድግዳ በቀላሉ ስለሚያልፍ የሞባይል ኩባንያዎች በጣም ይፈልጉታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ከቴሌቪዥን የሚለቀቀውን የ700 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ በጨረታ ሸጣ 19 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝታለች። እንግዲህ መንግሥታት ስለ ሽግግሩ ሲናገሩ ስለ ምስል ጥራት ቢያወሩም ጨረታውንም በልባቸው ይዘው ነው ማለት ይቻላል።

ትርፉ ለመንግሥት ከሆነ ወጪውስ የማን ነው? የድሮ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ዲጂታሉን ሲግናል የሚተረጉምለት ዲኮደር ያስፈልገዋል። አሜሪካ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እስከ ሁለት የሚደርስ የ40 ዶላር ኩፖን ሰጠች። ለኩፖኑ የተያዘው በጀት አልበቃ ሲል ሽግግሩ ከፌብሩዋሪ 17 ወደ ጁን 12 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ተገፋ። ብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ዋይትሄቨን በምትባል ትንሽ ከተማ ጀምራ፣ ክልል በክልል እየዘጋች በ2012 እ.ኤ.አ. ጨረሰች። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞችም ልዩ የድጋፍ ፕሮግራም ነበራት። ሀብታም የሚባሉት አገሮች እንኳ ዲኮደሩን ለሕዝቡ ብቻ አልተዉለትም።

የኬንያ ጉዳይ

አሁን ወደ ጎረቤታችን እንሂድ። ኬንያ ዲጂታል ሥርጭት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 ነው። የመጀመሪያው የሲግናል አሠራጭ ሲግኔት ሲሆን የመንግሥት ጣቢያው የኬ ቢ ሲ ቅርንጫፍ ነው። ሁለተኛ አሠራጭ ለመምረጥ ጨረታ ወጣ። የአገሪቱ ትልልቅ የግል ሚዲያዎችም ተወዳደሩ። ያሸነፈው ግን ፓን አፍሪካን ኔትወርክ ግሩፕ የሚባል የቻይና ኩባንያ ሆነ። ይህ ኩባንያ በክፍያ ቴሌቪዥን ከሚታወቀው ስታርታይምስ ጋር ዝምድና አለው።

የግሎቹ ተቃወሙ። በተለይ ሦስቱ ማለትም ኔሽን ሚዲያ ግሩፕ፣ ስታንዳርድ ግሩፕና ሮያል ሚዲያ ሰርቪስስ አንድ ላይ ሆነው ፍርድ ቤት ሄዱ። ክርክራቸው እንዲህ ነበር። ለብዙ ዓመታት በራሳችን ገንዘብ በአገሪቱ ተራሮች ላይ ማሠራጫ ተክለናል። አሁን ይህን ሁሉ ጥለን ፕሮግራማችንን ለሌላ ድርጅት፣ ያውም ለተፎካካሪ፣ አስረክቡ ልንባል አይገባም። ተመልካቹ ጋር የምንደርስበትን መንገድ ሌላ ሰው ከያዘው ነገ ሊዘጋብን ይችላል። ከዚህም ሌላ የክፍያ ቴሌቪዥን ኩባንያዎቹ ያለፈቃዳችን ጣቢያዎቻችንን በዲኮደራቸው እየጫኑ ይነግዱብናል የሚል የባለቤትነት መብት ክርክርም ነበራቸው።

የተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ክርክርም መሠረት አልነበረውም አይባልም። ሞገድ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ቀድሞ የያዘ ሁሉ ለዘላለም የራሴ ነው ማለት አይችልም። ዓለም አቀፉ ቀነ ገደብ እየቀረበ ነው። ዲጂታል ሲመጣ አዳዲስ ጣቢያዎች ስለሚገቡ ነባሮቹ የሚፈሩት ውድድሩን ነው የሚል ነበር።

ክሱ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት እየተንከባለለ ጊዜ ወሰደ። የመጀመሪያዎቹ የመዝጊያ ቀኖች አለፉ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2013 እ.ኤ.አ. በሚዲያዎቹ ላይ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚው በማርች 2014 እ.ኤ.አ. ለእነርሱ ፈረደላቸው። በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሴፕቴምበር 2014 እ.ኤ.አ. የይግባኙን ውሳኔ ሻረ። ነገር ግን ተቆጣጣሪው የሦስቱን የፈቃድ ጥያቄ ተገቢ በሆነ መንገድ እንዲያይ አዘዘ። በዚህም መሠረት ሦስቱ በጋራ ላቋቋሙት አፍሪካ ዲጂታል ኔትወርክ ለተባለ ድርጅት የራሳቸውን ፕሮግራም በራሳቸው የሚያሠራጩበት ፈቃድ ተሰጠ።

ይሁንና ፈቃድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያ አስመጥቶ፣ ተክሎ፣ ዲኮደር ለሕዝብ ማድረስ ሌላ ነገር ነው። ሚዲያዎቹ ተጨማሪ ጊዜ ጠየቁ፤ አልተሰጣቸውም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2015 የአናሎግ ማሠራጫቸው ተዘጋ። ኤን ቲቪ፣ ኪው ቲቪ፣ ኬ ቲ ኤንና ሲቲዝን የተባሉት አራት ጣቢያዎች ከአየር ላይ ጠፉ። የአገሪቱ ብዙ ተመልካች የሚያያቸው ጣቢያዎች እነዚሁ ነበሩ። በራሳቸው ዲጂታል ሥርጭት የተመለሱት ከሁለት ሳምንት ተኩል በላይ ቆይተው በማርች መጀመሪያ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ሦስት ነገር ይወጣል ብዬ አስባለሁ።

አንደኛ፣ አራቱ ጣቢያዎች የጠፉት በዜናቸው ይዘት ተከሰው አይደለም። ክርክሩ ስለ ሞገድ፣ ስለ ፈቃድና ስለ ዲኮደር ነበር። ውጤቱ ግን ለተመልካቹ ያው ነው፤ ማታ ዜና ለማየት ቢከፍት ስክሪኑ ባዶ ነው። ሚዲያን ዝም የሚያሰኘው ሳንሱር ብቻ እንዳልሆነ፣ በቴክኒክ መንገድም ዝም ማለት እንደሚመጣ ይህ ያሳያል። የፕሬስ ሕግ ኮርስ ስንማር ስለ ይዘት የምናውቀውን ያህል ስለ ማሠራጫ ፈቃድም ማወቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ጉዳዩን ይዘግቡ የነበሩት ራሳቸው ባለጉዳዮቹ ናቸው። ኔሽን የዴይሊ ኔሽን፣ ስታንዳርድ ግሩፕ የዘ ስታንዳርድ ጋዜጣ ባለቤት ነው። በሌላ በኩል የመንግሥት ጣቢያው የአሠራጩ የሲግኔት ወላጅ ነው። ታዲያ የኬንያ ሕዝብ ያለ ወገንተኝነት የሚያስረዳው ማን ነበር? አንድ እናት ገበያ ሄዳ የትኛውን ዲኮደር ብትገዛ የትኛውን ጣቢያ በነፃ እንደምታይ ማወቅ ትፈልጋለች። የጋዜጠኛው ሥራ ይህ ነበር። ጋዜጠኛው ግን አሠሪው ተከራካሪ ነው። እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲያጋጥም ቢያንስ «አሳታሚያችን በዚህ ክርክር ወገን ነው» ብሎ ለአንባቢ መግለጽ የሙያው ሥነ ምግባር ግዴታ ይመስለኛል።

ሦስተኛ፣ ሁለቱም ወገን ስለ ሕዝብ ጥቅም ይናገር ነበር፤ ሕዝቡ ግን ዲኮደሩን የገዛው በራሱ ኪስ ነው። ታንዛኒያም ከኬንያ ቀድማ ዳሬ ሰላም ላይ አናሎግን የዘጋችው በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቀን ሲሆን እዚያም ዋናው ቅሬታ የዲኮደር ዋጋና እጥረት ነበር።

ራዲዮስ?

እስካሁን ያየነው ቴሌቪዥንን ነው። ራዲዮም ዲጂታል አለው፤ በአውሮፓ የሚታወቀው ዲ ኤ ቢ ይባላል። የሚገርመው ግን አብዛኛው ዓለም ቴሌቪዥኑን ሲያሻግር ራዲዮውን በኤፍ ኤም ትቶታል። ለምን?

አንዱ መልስ ከላይ ካየነው የሞገድ ጨረታ ጋር የተያያዘ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለው ነው። ሙሉው ስፋት 20.5 ሜጋ ኸርዝ ቢሆን ነው፤ ሦስት የቴሌቪዥን ቻናል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቢለቀቅም ለሞባይል ኩባንያ የሚሸጥ ትልቅ ነገር የለውም። ጨረታ የሌለበት ቦታ ደግሞ መንግሥት አይቸኩልም።

ሁለተኛው መልስ አድማጩ ጋ ነው። ራዲዮ ርካሽ ነው። በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ በቁልፍ ስልክ ላይ ይገኛል፣ መኪና ውስጥ አለ፣ ከብት ጥበቃ የሄደ ልጅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይሄዳል። ዲጂታል ራዲዮ ግን አዲስ መሣሪያ መግዛትን ይጠይቃል፤ ቴሌቪዥን ሥር እንደሚቀመጠው ዲኮደር በአንድ ዕቃ አይፈታም። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ቢኖር ራዲዮ ግን በየስልኩ አለ።

ብሔራዊ የኤፍ ኤም ሥርጭትን በመዝጋት ቀዳሚዋ ኖርዌይ ናት። ጃንዋሪ 11 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካለው ኑርላንድ ጀምራ በዲሴምበር 2017 እ.ኤ.አ. ጨረሰች። ምክንያትም ነበራት። አገሩ ተራራና ገደል ስለሆነ የኤፍ ኤም ማሠራጫ በየሸለቆው መትከል ያስፈልጋል፤ ወጪው ከዲ ኤ ቢ ጋር አይወዳደርም። በኤፍ ኤም አገር አቀፍ ሽፋን የሚያገኙት ጣቢያዎችም በጣም ጥቂት ነበሩ። ፓርላማው ሽግግሩን ሲያፀድቅ አዲሱ ሥርጭት የሕዝብ ራዲዮው ኤን አር ኬ በኤፍ ኤም የሚደርስበትን ያህል መድረስ አለበት የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር። እንዲያም ሆኖ ትንንሾቹ የአካባቢ ጣቢያዎች በኤፍ ኤም እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው። ስዊዘርላንድም በተመሳሳይ፣ የሕዝብ ማሠራጫው ኤስ አር ጂ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኤፍ ኤሙን ሲዘጋ የግል ጣቢያዎቹ አብረው አልዘጉም።

እዚህ ላይ ልብ የምንለው ነገር አለ። ኖርዌይ አስቀድማ ያስቀመጠችው ቅድመ ሁኔታ «ማንም አድማጭ ወደ ኋላ እንዳይቀር» የሚል ነው። ቀን ከመቁረጥ በፊት ሁኔታ መቁረጥ ይሻላል ማለት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ነው። ስቱዲዮው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። የቀለም ሥርጭት የመጣው በ1977 ዓ.ም. ሲሆን ለብዙ ዓመታት ቴሌቪዥን ማለት ይኸው አንድ የመንግሥት ጣቢያ ነበር። የአናሎግ ማማዎቹም የእርሱው ናቸው። በዚህ ምክንያት የኬንያ ዓይነት ጠብ በእኛ ዘንድ አልተነሳም፤ ማማ ያለው የግል ቴሌቪዥን አልነበረማ።

ቀነ ገደቡ ሰኔ 2007 ዓ.ም. ሲደርስ ኢትዮጵያ የምድር ዲጂታል ሽግግሩን አልጨረሰችም ነበር። እኛ ብቻ ሳንሆን ብዙ የአፍሪካ አገሮች አልጨረሱም። ይሁን እንጂ «ሕዝቡ በአናሎግ ቀርቷል» ብንል እንሳሳታለን። ጣሪያዎቻችንን ቀና ብለን ብናይ መልሱን እናገኘዋለን፤ ዲሽ ነው። የሳተላይት ሥርጭት ዲጂታል ነው። ሕዝቡ ማንም ቀን ሳይቆርጥለት፣ ኩፖን ሳይሰጠው፣ በራሱ ገንዘብ ዲሽና ሪሲቨር ገዝቶ ተሻግሯል። ጣቢያዎቹም በዚያው መንገድ መጡ። ኢ ቢ ኤስ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ቃና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭታቸውን የጀመሩት በሳተላይት ነው።

ኢትዮሳት የመጣ ጊዜ የሆነውንም ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ከኤስ ኢ ኤስ ኩባንያ ጋር ሆኖ በ2012 ዓ.ም. ይህን መድረክ ሲጀምር ጣቢያዎቻችን በብዛት ወደ አንድ ሳተላይት ተሰበሰቡ። ናይልሳትን ፍለጋ ወደ ምዕራብ ያይ የነበረው ዲሽ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ 57 ዲግሪ ዞረ። ሁለቱንም የፈለገ ሁለተኛ ዲሽ ጨመረ። የዲሽ ባለሙያዎች ሥራ በዛላቸው። ይህ በእርግጥ የሚያስደስት ነገር ነው፤ የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን በአንድ ቦታ ማግኘት ተመልካቹን ጠቅሞታል።

የጀመርነውን ጥያቄ ግን እዚህም እንጠይቀው። አውቶቡሱ የማን ነው? ሳተላይቱ የኤስ ኢ ኤስ ነው፤ የኩባንያው መቀመጫ ሉክሰምበርግ ነው። ኪራዩ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሬ ነው። ይህ ደግሞ ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛ፣ የማስታወቂያ ገቢው በብር የሆነ ጣቢያ ኪራዩን በዶላር ሲከፍል ምንዛሬው በጨመረ ቁጥር የሚቆረጠው የዜና ክፍሉ በጀት ነው። የመስክ ዘገባ ይቀራል፣ ሪፖርተር ይቀነሳል። ሁለተኛ፣ ሳተላይት የሚያበራው ሰፊ አካባቢ ላይ ነው። ለአንድ ከተማ ወይም ለአንድ ዞን ሕዝብ ብቻ ማገልገል የሚፈልግ ትንሽ ጣቢያም ቢሆን የሚከፍለው ለሰፊው ሽፋን ነው። ለጎንደር ወይም ለአርባ ምንጭ ከተማ ነዋሪ የከተማውን የውኃ ችግር ለማሳየት 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ደርሶ መመለስ ማለት ነው። የምድር ዲጂታል ማሠራጫ ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንድ ማማ፣ አንድ መልቲፕሌክስ፣ በዙሪያው ያሉ ትንንሽ ጣቢያዎች፣ በብር የሚከፈል ታሪፍ። ስለዚህ «ዲሽ ስላለን የምድሩ አያስፈልገንም» የሚለው አባባል ለትልልቆቹ ጣቢያዎች ሊሠራ ይችላል፤ ለአካባቢ ጋዜጠኝነት ግን አይሠራም።

ራዲዮናችን አሁንም ኤፍ ኤም ነው። ከላይ ካየነው ምክንያት አንፃር ይህ ኋላ ቀርነት ተደርጎ መታየት የለበትም። መብራት ባልደረሰበት ቦታ የሚኖር ገበሬ በስልኩ ወይም በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ እያዳመጠ ከሆነ ይህን መሣሪያ ዋጋ ቢስ የሚያደርግ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ብዙ ጊዜ መታሰብ አለበት።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደተሞከረው ከአናሎግ ወደ ዲጂታል መሸጋገር ሞገድ ይቆጥባል፣ ጣቢያ ያበዛል፣ ወጪ ይቀንሳል። በዚያው ልክ ደግሞ ጣቢያውን የራሱ ማማ ከነበረው ባለቤትነት ወደ ተሳፋሪነት ያወርደዋል። ተሳፋሪነት በራሱ መጥፎ አይደለም። መጥፎ የሚሆነው የተሳፋሪው መብት በሕግ ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

ስለዚህ ነገ ተመርቀን ይህን ጉዳይ ስንዘግብ ከምረቃ ሪባኑና ከምስል ጥራቱ አልፈን ቢያንስ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ብንይዝ ጥሩ ነው እላለሁ።

1. የሲግናል አሠራጩ ባለቤት ማን ነው? እርሱ ራሱ ጣቢያ አለው ወይ?

2. ታሪፉን የሚወስነው ማን ነው? ለሁሉም ጣቢያ እኩል ነው ወይ?

3. አንድ ጣቢያ ከመልቲፕሌክሱ ቢወርድ በስንት ቀን፣ የት ይግባኝ ይላል? ይግባኙ እስኪታይ ሥርጭቱ ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል?

4. ዲኮደር መግዛት የማይችለው ሰው ምን ታስቦለታል?

ሦስተኛውን ጥያቄ በተለይ አደራ እላለሁ። የኬንያዎቹ አራት ጣቢያዎች ለእነዚያ ሁለት ሳምንታት ከናት ጋዜጠኞቻቸው፣ ካሜራቸው፣ ስቱዲዮአቸው ሁሉ ነበሩ። ያልነበራቸው ከስቱዲዮ ወደ ተመልካቹ የሚወስደው መንገድ ብቻ ነው።